ለስሉጊዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለቤቴ ቡችላዋን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ እዚህ ስዊድን፣ ፋርስታ ካለው ቤታችን የገባ ቀን «ወይ እኔ፣ ወይ እሷ!» አልኩት። እሱ ካፖርቱን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እሷ ገና ትንሽ ናት፣ አንቺ እንኳ መሄጃ አታጪም» አለኝ። ቀልዱ እንዲህ ነው። ሰው ይስቅለታል። እኔ ግን ዕድሜዬን አብሬው ስለጨረስኩ የትኛው ቀልድ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ለይቼ አውቃለሁ።

ውሻ አልወድም። አዲስ አበባ ያደግሁበት ግቢ ውሻ ነበረን፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ አበቃ። እዚህ ሀገር ግን ውሻ ሶፋ ላይ ይወጣል፣ ጥርሱ ይቦረሻል፣ ልደቱ ይከበራል። በስመአብ! እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዬን ዘርግቼ ጸጉሯን አንድ በአንድ ስለቅም ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ፣ «ለሷም ጸልዪላት» ይለኝ ነበር።

ዘሯ ስሉጊ ይባላል፤ የሰሜን አፍሪካ አዳኝ ነው። በማሽተት ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚያድነው፤ አይቶ፣ ሮጦ፣ ይይዛል። ስታድግ የደረቀ ሣር የመሰለች፣ እግሯ የማያልቅ፣ ጎድኗ የሚቆጠር ሆነች። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ አንዲት ስዊድናዊት ጎረቤቴ አስቁማ፣ «ምግብ አትሰጧትም እንዴ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከእኔ ሳህን የተሻለ ሥጋ እንደምትበላ ብነግራት የምታምነኝ አልመሰለኝም። እኔን ግን በላሁ አልበላሁ ብሎ የጠየቀኝ ጎረቤት የለም።

ልጅ የለንም። ይህን ቀድሜ ልናገረው፣ ኋላ ሰው በሹክሹክታ ከሚናገረው። ሐኪሙንም፣ ጠበሉንም፣ ስለቱንም ሞክረን ተውነው። ባለቤቴ ተማሪ ሆኖ መጥቶ፣ በእንስሳት ማዳቀል ሳይንስ ተመርቆ፣ ጡረታ እስኪወጣ የሌላውን ላም ሲያስወልድ ኖረ። ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቡችላዋ መጣች፤ «ልጄ» አላት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔን አንጀቴን ቆረጠኝ።

ቡችላዋን የሰጠው ሪንከቢ ሰፈር የሚኖር አንድ አልጄሪያዊ ነው። አደባባዩ አጠገብ ለብዙ ዓመት ሱቅ ነበረው፤ ምስር፣ ቴምር፣ ቅመም፣ ለእኛ ሰው ደግሞ ጤፍ። ሐበሻ ሲሞት ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ይደርሳል፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ከእኛው ጋር ይተክዛል። ሚስቱ ወዳጄ ናት፤ ሁለታችንም ስዊድንኛ ስንናገር ስለምንሳሳት በደንብ እንግባባለን። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጡንቻው እየከዳው፣ መጀመሪያ መሮጥ፣ ቀጥሎ መሄድ፣ በመጨረሻ መዋጥ አቅቶት በወጣትነቱ አረፈ። ያኔ ባለቤቴ ሰው ነበር። ሆስፒታል እየሄደ ልጁን ሲያጫውት፣ አባቱን አውጥቶ አየር ሲያስመታ ከረመ። ከቀብሩ በኋላ አልጄሪያዊው፣ «የምሰጥህ ከዚህ የሚበልጥ የለኝም» ብሎ ቡችላዋን ክንዱ ላይ አስቀመጠለት።

ይህ ዘር አይሸጥም፤ ለሚከበር ሰው ይሰጣል። ስጦታው ግን ውል ነበረው። «ስትደርስ አንድ ጊዜ ትውለድልኝ፤ ከእኔ ቤት ወንድ። አንዲት ሴት ቡችላ ትመለስልኛለች፣ የቀሩት ያንተ» አለ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ሁለቱም መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። እኔም ሚስቱም ቆመን አየን። የአባቱና የአያቱ ውሾች ናቸው፤ በሀገሩ ሜዳ ላይ የነበረው ሕዝብ ከተማ ገብቶ ሲበተን ውሾቹ ከእረኛ ውሻ ጋር ተደበላልቀው ጠፉ። እሱ ይዞት የመጣው ብቻ ቀረ፤ ከዚያም ውስጥ ይቺ ሴትና እሱ ጋ ያለው አንድ ያረጀ ወንድ። እሷ ካልወለደች አለቀ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ሳይንስ አያስፈልግም፣ እኔ እንኳ ገብቶኛል።

አልጄሪያዊው ሻይ እየጠጣ ሲተርክልን ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር። ጌታው ፈረሱ ላይ ሲወጣ ስሉጊውን ከፊቱ ኮርቻው ላይ ያስተኛዋል፤ ጥንቸሏ ከቁጥቋጦ ስትፈናጠር ይለቀዋል። ቡችላ ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ያድጋል፣ ወተትና ቴምር ይበላል፣ መዳፉ ሂና ይቀባል። ደስ ሲል! ቀጥሎ ደግሞ፣ እግሩ እንዲጠነክር በጋለ ብረት እንደሚተኮስ፣ ጥንቸል ፊቱ ተለቅቃ ዞር ብሎ የተኛ ቡችላ ሌላ ፀሐይ እንደማያይ ነገረን። ሴቲቱ ከእረኛ ውሻ ካረገዘች ልጆቿ ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይቀበራሉ። «እኔ ራሴ፣ በዚህ እጄ» አለና እጁን አሳየን፤ በዚያው እጁ ቴምር አንስቶ ጎረሰ። ባለቤቴ ጭኑን በጥፊ መትቶ፣ «ይኼ ነው ማዳቀል!» አለ። እኔ የቴምሩን ሳህን ወደ ሚስቱ ገፋሁት፤ እሷም አልነካችውም።

ያልተፈተነች ሴት አትዳቀልም። እዚህ ሀገር ደግሞ ጥንቸል በውሻ ማሳደድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ሜርስታ አጠገብ አንድ ሜዳ ላይ ማሽን ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት በገመድ እየጎተተ ያስሮጣቸዋል። አራታችንም ሄድን። ብርድ ነበር፣ ጫማዬ ጭቃ ገባበት፣ ሲሳደብ የነበረው ምላሴ ቀዘቀዘ። ከረጢቱ ተፈትልኮ ሲሄድ እሷ ቆማ አየችው። «ምን ትሁን፣ ፌስታል ነው እኮ!» አልኩ። አልጄሪያዊው ከጉሮሮው አንድ ድምፅ አወጣ፤ ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ እሷም እዚህ ሀገር ከመጡ ሰምታው አታውቅም። ውሻዋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሄደች። ምን ሄደች እላለሁ፣ ጠፋች እንጂ! መሬት አልነካችም ብል አላጋነንኩም። ውሻ የማልወደው እኔ እልል አልኩ፣ ስዊድኖቹ ዞረው አዩኝ። ከረጢቱን ያዘች፣ ነቀነቀችው፣ ፌስታል መሆኑን ስታውቅ ጣለችውና ተመልሳ ባለቤቴ እግር ላይ ራሷን አሳረፈች።

አልጄሪያዊው እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ፣ «አሁን እናት መሆን ትችላለች» አለ። የባለቤቴን ፊት ያየሁት ያኔ ነው። ውሻዋን እንደ ታቀፈ ቀና ብሎ አየውና ይበልጥ አጥብቆ ያዛት። እኔ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመረ። ጎጃሜ ነው፤ እነሱ ዘንድ ሰው ከመጋባቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ትውልድ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። እሱ ራሱ ከእኔ በፊት ታጭታለት የነበረችውን ልጅ ያጣው በዚሁ ነው። ሽማግሌ ሁሉ ጨርሶ፣ ድግሱ ተደግሶ፣ አንዲት አሮጊት ከጓዳ ብቅ ብለው ሲቆጥሩ አምስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ ያቺን ልጅ ባነሱ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። በዚህ ምክንያት እኔ አዲስ አበቤዋ፣ ከማን እንደምቆጠር የማይታወቀው ተገኘሁ። ምስጋናው ለአሮጊቷ ነው።

ታዲያ ሰውዬው ሶፋው ላይ ተጋድሞ ጣቱን እያጠፈ የውሻ ዘር ይቆጥራል። «የእሷ እናትና የወንዱ አባት እኮ ወንድምና እህት ናቸው። የአጎቷ ልጅ ነው!» ይላል።

«አንተ ላም ስታዳቅል የኖርክ ሰውዬ፣ የኮርማውን ሰባት ቤት ስትቆጥር አይቼህ አላውቅም» አልኩት።

«ላም ሌላ ነው። ይቺ ልጄ ናት።»

ሳይንሱስ ቢሆን ልክ ነበር፤ የቅርብ ዘመድ ሲዳቀል በሽታው ይከማቻል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። ግን ሳይንሱን ያመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣበት የእናቱ ቤት ነው፣ የሚያስፈራው እሱ ነው። ጎጃም ላይ የተማረውን ነውር ፋርስታ ሶፋ ላይ ለውሻ አለበሰው፤ አልጄሪያዊው ደግሞ የአጎቱን ልጅ አግብቶ ሽበት ያበቀለ ሰው መሆኑን ረሳው። ወይም አልረሳውም።

ወንድ መፈለጊያዋ ጊዜ ሲደርስ አልጄሪያዊው ወንዱን ይዞ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱንነልባናው፣ ከሰማያዊው መስመር ወደ አረንጓዴው ቀይሮ መጣ። ሚስቱም አብራው ነበረች። ባለቤቴ ውሻዋን መኝታ ቤት ቆልፎባታል። እንኳን ደህና መጣችሁ እንኳ ሳይል፣ «አይሆንም። ሌላ ወንድ እፈልግላታለሁ። ይኼኛው ዘመዷ ነው» አለ።

አልጄሪያዊው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። «ዘመዷ ካልሆነማ ለምን እሰጣታለሁ? የሌላው ወንድ አባት ጥንቸል አይቶ አያውቅም፤ መስታወት ፊት እየቆመ በውሻ ቁንጅና ውድድር ሽልማት የሚቀበል ነው። የእኛ ቤት ውሻ ታሞ አያውቅም። እኔ እግራቸውን አያለሁ፣ አንተ ጣትህን ትቆጥራለህ።»

«አይሆንም አልኩህ።»

«ቃል ሰጥተኸኛል» አለ አልጄሪያዊው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባቴም አያቴም እንዲህ አድርገው ነው ያቆዩት። እኔ ራሴ የአጎቴን ልጅ ነው ያገባሁት።» እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

ባለቤቴ ሚስቱን አየና፣ እሱን አየና፣ ረጋ ብሎ፣ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ሆኖ፣ «እሱማ ልጃችሁን ቀበረው» አለ።

ስዊድንኛ ነው፤ አራታችንም ገብቶናል። ሚስቱ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። አልጄሪያዊው ወደ ሚስቱ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። የወንዱን ገመድ እጁ ላይ ጠቅልሎ ወጣ። እኔ እስከ አሳንሰሩ፣ እስከ ሂሱ ድረስ ተከትያቸው፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ «ነጠላ ጫማ ነው ያደረግሁት፣ ብርድ ነው፣ እንዳትቆሙ» የመሰለ የማይረባ ነገር ተናገርኩ።

ስመለስ ጮህኩበት። «አንተ አረመኔ! ያ ልጅ እጅህን ይዞ አይደለም እንዴ የሞተው?» አልኩት። «እውነት ነው የተናገርኩት» አለ። እውነት መሆኑ እኮ ነው የከፋው። ውሸት ቢሆን ሰውዬው ይሰድበው ነበር፣ ይማቱ ነበር፣ እኔም እገላግል ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ጥርሷን ላስመርምር ብሎ ጠዋት ይዟት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ አንገቷ ላይ እንደ ቀፎ የተከፈተ ፕላስቲክ ተደርጎባት፣ እየተንገዳገደች፣ ግድግዳውን እየመታች ገባች። ማህፀኗን አስወጥቶታል። «ከእንግዲህ ማንም አይጨቀጭቀኝም» አለ።

ቁጭ አልኩ። ውሻ አልወድም ብያለሁ፤ አሁንም አልወድም። ነገር ግን እኔ እነዚያን ሁሉ ዓመታት የሐኪም በር ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ሰው የሌላውን ፍጥረት ማህፀን እንዲህ እንደ ጥርስ ማስወለቅ አድርጎ ሲያወራው መስማት አልቻልኩም። መሬት ወርጄ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁላት። የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ይኸው፣ ወደድሻት» አለ። ፕላስቲኩን ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር፣ አንገቷ ላይ ስለነበር ተውኩት።

አልጄሪያዊው ግን አላወቀም። ቀኑ ገፍቶ ወንድ መፈለጊያዋ ጊዜ ዳግም ሲቃረብ ንዴቱ በረደለት፤ ሰውዬው ውሻው እያረጀበት ነው፣ መኩራት አይችልም። ሚስቱ ሱቅ ስንገናኝ፣ «ባልሽ ለስልሷል?» ትለኛለች፤ እኔ ቲማቲም አገላብጣለሁ። እሱ ደግሞ ከእኛ ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ «የእናንተ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግና እምቢ ሲባል ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌ ይልካል አሉት። እንግዲያው ላኩልኝ አለ።

ሳቁበት። ለውሻ ሽማግሌ! አንዱማ ቄስ ጠይቄ ልምጣ ብሎ ሄዶ፣ ቄሱ ሲስቁ ቆብ ወደቀባቸው አሉ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። በእያንዳንዳቸው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያውቃል፤ እምቢ ሊሉት አልቻሉም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ፤ ስከፍት ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ኮትና ክራባት ለብሰው፣ አንደኛው ጋቢ ደርበው ቆመዋል። መቼም ማን ሞተብኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?»

«አንቀመጥም እመቤት። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ ባለጋቢው፤ አንጋፋው እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ከሶፋው ተነሣ። ውሻዋ አልተነሣችም።

«ጌታው፣» አሉ ባለጋቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ሳቅ እንደሚመጣብህ እናውቃለን። እኛም መንገድ ላይ ስቀን ጨርሰን ነው የመጣነው። ወንድማችን አልጄሪያዊው ያዘነ ሰው ነው። ልጅ ቀብሯል። አሁን የቀረው ይኼ የአባቱ ነገር ነው። በመካከላችሁ ክፉ ቃል እንደ ተነገረ ሰምተናል፤ እሱ ትቶልሃል። እግርህ ላይ የወደቀ ያህል ቁጠረው። እንግዲህ ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ቆመናል።»

ሌላው ሰውዬ፣ «ልጅህን» ሲባል ሶፋው ላይ ወደ ተጋደመችው ዓይናቸውን ጣል አድርገው ቶሎ መለሱት። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ነኝ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ሽማግሌ ፊት አይዋሽም፣ እንደዚያ ነው ያደገው፤ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ይህንም ያውቃል።

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «የተከበራችሁ ሰዎች እዚህ ድረስ ደክማችሁ መጥታችሁ ምን እላለሁ? ሰጥቻለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ እንደ እውነተኛ ሙሽራ ቤት መረቁ። ተቀመጡ፣ ለቅዳሜ ቀን ቆረጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፤ ባለጋቢው ውሻዋን ሳይቀር ከሩቅ መረቋት። ሲወጡ በሩን ዘግቼ ዞርኩ።

«ምንድነው ያደረግኸው?»

«ሽማግሌ እምቢ አይባልም።» ፈገግ ብሏል። «ስጠን አሉ፣ ሰጠሁ። ወንዱን ያምጣና ይሞክር።»

ሆሆይ! ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ የተኛውን ሰው አያውቀውም። «ቅዳሜ ከመምጣታቸው በፊት ትነግራቸዋለህ፣ አለዚያ እነግራለሁ» አልኩት። «ንገሪ» አለ። በማግስቱ ለአልጄሪያዊው ሚስት ደውዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። በር ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «ትናንት ማታ ስለ ቡችሎቹ ሲያወራ አመሸ» አለች። «ልጃችን ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እስከ ቅዳሜ ተዪው። እኔ ልነግረው አልችልም፣ አንቺም አትንገሪው። ይቺን ሳምንት ተዪለት።»

ተውኩለት።

ቅዳሜ መጡ። አልጄሪያዊው ጢሙን አስተካክሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፤ ወንዱ ታጥቦ፣ አራቱም መዳፉ ሂና ተቀብቶ። የቀባችው ሚስቱ ናት። ሁሉን እያወቀች፣ ያንን ያረጀ እግር አንድ በአንድ እያነሳች ቀብታዋለች፤ ጣቶቿ ገና ቀይ ነበሩ። እኔን አላየችኝም። ባለጋቢውም ምስክር ሆነው መጥተዋል። አልጄሪያዊው ባለቤቴን አቀፈው፣ ሁለቱንም ጉንጩን ሳመው። ባለቤቴም ተሳመ።

ከዚያ አልጄሪያዊው ውሻዋ አጠገብ ተንበረከከ። ሴት ከመዳቀሏ በፊት በእጁ ነው የሚያያት፤ አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ጎድኗን እያሻሸ፣ በራሱ ቋንቋ እያናገራት ሄዶ ሆዷ ላይ ደረሰ። ጣቶቹ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ጎንበስ ብሎ አየ። የስሉጊ ሆድ ጸጉር የለውም፣ የስፌቱ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ማነው?» አለ።

«እኔ» አለ ባለቤቴ። «ሐኪም ቤት ወስጄ።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ፣ ከሄዳችሁ በኋላ።»

«ለሽማግሌዎቹ ግን...»

«ስጠን አሉ፣ ሰጠሁ። ትወልዳለች አላልኩም።»

ባለጋቢው ስዊድንኛው ዘግይቶ ገባቸው። ሲገባቸው ከወንበሩ ብድግ አሉ። «እኔን ነው?» አሉ በአማርኛ፤ «በዚህ ሽበቴ፣ እኔን ነው የተጫወትክብኝ? አንተ ደረቅ!» ጋቢያቸው ወደቀ፤ አንስቼ አለበስኳቸው። አልጄሪያዊው አልጮኸም። እጁ አሁንም ሆዷ ላይ ነው። ወንዱ ተጠግቶ ሲያሸታት ጥርሷን አሳየችው፤ እሱም ሽማግሌ ነውና ዘወር ብሎ ጥግ ላይ ተኛ። ሰውዬው እጁን ከሆዷ ላይ አነሣ። በሚስቱና በእኔ ተደግፎ ተነሣ። ሲወጣ ባለቤቴን፣ «ጤና ይስጥህ» አለው።

ከዚያ ወዲያ አልጄሪያዊው ምግብ ቀነሰ። ሚስቱ ደወለችልኝ፤ «አንድ ነገር ብቻ ይላል» አለች። «ባትወልድም የእኛው ናት፣ የመጨረሻዋ ናት፣ እኔ ቤት ትሙት ይላል። እንዴት ብዬ ልጠይቅሽ?»

«መጠየቅ አያስፈልግሽም» አልኳት። «ተሰጥታችኋለች።»

ባለቤቴ ጡረተኛ ጓደኞቹ ጋ በሄደበት አንድ ቀን የውሻዋን ማሰሪያ አድርጌላት ይዣት ወጣሁ። ቱንነልባናው ውስጥ እግሬ መሃል ገብታ ተንቀጠቀጠች። ዋናው ጣቢያ ቴ-ሴንትራለን ላይ ባቡር ስንቀይር አልሄድ ብላ ተለጠጠች፤ ጎተትኳት። እውነቱን ልናገር፣ ለእሷ ብዬ አልነበረም። ለአልጄሪያዊውም ብዬ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ማታ ሶፋው ላይ እጁን ዘርግቶ ሲያጣት ለማየት ነው የወሰድኳት።

አየሁት። «የት ናት?» አለ፤ ክፍል ለክፍል ዞረ፣ በረንዳውን ከፈተ። «የት ናት? ንገሪኝ እንጂ!»

«ሰጥተህ የለ? አስረከብኳት። የተዳረች ልጅ አባቷ ቤት ምን ትሠራለች?»

ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። በማግስቱ ባለጋቢው ዘንድ ሄደ፤ ሽማግሌ ሆነው እንዲያስመልሱለት። እሳቸው በሩን በግማሽ ከፍተው፣ «አንዴ ለምነን ሰጠኸን። የሰጡትን መልሶ የሚለምን ሽማግሌ እኛ ዘንድ የለም» ብለው ዘጉበት። ከዚያ ብቻውን ሪንከቢ ሄደ። የሆነውን ሚስቱ ነገረችኝ።

አልጄሪያዊው ራሱ ነው የከፈተለት። አስገባው፣ አስቀመጠው፣ ሻይ ቀዳለት። ውሻዋ መኝታ ቤት ነበረች፣ በሩ ተዘግቷል። የባለቤቴን ድምፅ ስትሰማ ጮኸች። ስሉጊ አይጮኽም ይባላል፤ እሷ ግን ጮኸች፣ በሩን ቧጠጠች፣ መላ አካሏን እያነሳች መታችው። አልጄሪያዊው እንዳልሰማ ሆኖ ስለ ጤንነቱ ጠየቀው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ እኔ። በየጥያቄው መሃል ስኳር ጨመረለት። በመጨረሻ ባለቤቴ ከወንበሩ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ያ ኩሩ ሰው! «እባክህ» አለው። «ላያት ብቻ። ልጄ ናት።»

አልጄሪያዊው የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘ ትክ ብሎ አየው።

«ልጄ?» አለው። ብርጭቆውን ሞላለት።

ባለቤቴ የመጣው መሽቶ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። «ታለቅሳለች» አለኝ። «ሂሱ ድረስ ይሰማል። ታች ስደርስም ይሰማኝ ነበር።»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት።